ምዕራፍ ሰባት፦ ከጊዳ አያና ግቢ እስከ አንገር ቁልቁለት

አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሲገኝ ወሬው የሚጀምረው ከፍሬኑ ነው። «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ይባላል። ቀጥሎ ሹፌሩ ይወቀሳል፤ እንቅልፍ ጥሎት ነበር፣ ጫት ቅሞ ነበር፣ ድሮም ፍጥነት ያበዛል። ስለ ጭነቱ የሚጠይቅ ካለም «ስንት ኩንታል ዳነ?» ብሎ ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ጥፋተኛውን ትቶ ዕቃውን የሚመታውን ለመተቸት ነው። በጭነት መኪና ላይ ግን ተረቱ ይገለበጣል፤ እዚህ መጠየቅ ያለበት ራሱ ዳውላው ነው። ስንት ነበር? የት ተቀመጠ? በምን ታሰረ? ከፊት ያለው ነው ወይስ ተሳቢው የከበደው? እነዚህ ሁሉ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መሪ በማይጨብጡ ሰዎች እጅ ተወስነው ያለቁ ነገሮች ናቸው።

ጊዳ አያና ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ወረዳው ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። በቆሎው፣ ሰሊጡ፣ አኩሪ አተሩ፣ ማሽላውና ኑጉ ከዚያ ተጭኖ ይወጣል፤ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ጨውና ቢራው ደግሞ ተጭኖ ይገባል። መኪናው ወደ ደቡብ ቢሄድ የአንገርን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ኡኬን አልፎ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው ነቀምቴ ይወጣል። ወደ ሰሜን ቢሄድ አባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ቡሬ ይገባል። በየትኛውም በኩል ቢወጣ ቁልቁለት መውረዱና ዳገት መውጣቱ አይቀርም። የቡሬው መስመር በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ደግሞ ዋናው መውጫ የነቀምቴው ነው። ከነቀምቴ ወዲያ አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ሲሬ፣ ባኮ፣ ጌዶ፣ ጉደር፣ አምቦ፣ ጊንጪ፣ ሆለታ። በካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ይህ መስመር ለከባድ መኪና የዳገትና የቁልቁለት ሰንሰለት ነው።

በቆሎ በሚወጣበት ወራት ወደ አንድ የእህል ግቢ ብንገባ አሠራሩ በየቦታው ያው ነው። መኪናው የኋላውን ለመጋዘኑ በር ሰጥቶ ይቆማል። ከመሬት እስከ ካሶኒው ጣውላ ይዘረጋል። ወዛደሮቹ ኩንታሉን በትከሻቸው ይዘው በጣውላው ላይ ይሮጣሉ፤ ላይ ያለው ደርዳሪ ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ረዳቱ ይቆጥራል። ነጋዴው አጠገባቸው ቆሞ ነው። ሹፌሩ «በቃ፣ ሞልቷል» ሲል ነጋዴው «አንተ ልጅ፣ አምስት ብቻ ጨምርልኝ፤ ለአምስት ኩንታል ሌላ መኪና ልከራይ?» ይላል። ሹፌሩ የባለንብረቱን ፊት ያያል። አምስቷ ትጫናለች።

ነገሩ የክፋት ሳይሆን የሒሳብ ነው። ኪራዩ በኩንታል ነው፤ የወዛደሩ ክፍያ በኩንታል ነው፤ የደላላው ድርሻም ከኩንታል ጋር ይወጣል ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል ጭነቱ ሲቀንስ ተጠቃሚ የሚሆን አንድም የለም። ለሚያልቀው የፍሬን ሸራ፣ ለሚሰበረው ባሌስትራ፣ ለሚቆፈረው አስፋልት የሚከፍለው ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሹፌሩን ብቻ መምከር ዋጋው ትንሽ ነው ባይ ነኝ። ምክሩ መድረስ ያለበት ከጣውላው ግርጌ ቆሞ «አምስት ብቻ» ለሚለው ሰው ነው።

ጭነት የማክበዱ ነገር ደግሞ ከመኪና በፊትም የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከወለጋና ከጊቤ አገሮች የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ ወርቁን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱንና ቡናውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ በጉዱሩ አሰንዳቦ ገበያ በኩል አባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይደርስ ነበር። ሲመለስ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይጭናል። በየኬላው ቀረጥ ይጠየቃል፤ ቀረጡም ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በጭነት ነው። በጭነት ከተቆጠረ አንዱን ጭነት ማክበድ ያተርፋል። ዛሬ በኩንታል የሚከፈለው ኪራይ የሚገፋውም ወደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ በቅሎ ሲበዛባት ትተኛለች፤ አልነሳም ትላለች። ነጋዴው የግድ መጫኛውን ፈትቶ፣ ጭነቱን ከግራ ወደ ቀኝ አመዛዝኖ፣ እንደገና ያስራል። በየማታው ጭነት ይወርዳል፣ በየጠዋቱ እንደገና ይጫናል፤ ስለዚህ ስሕተቱ አንድ ቀን ብቻ ያድራል። መኪና ግን እምቢ አይልም። ሁለት እጥፍ ቢጭኑበትም ሞተሩ ይነሳል፣ በሜዳም ይሄዳል። እምቢ የሚለው ቁልቁለት ላይ ነው።

ከክብደቱ እንጀምር። እያንዳንዱ መኪና ሊብሬው ላይ የመጫን አቅሙ በኩንታል ተጽፎለታል። ቁጥሩ የተጻፈው ለግብር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሊብሬው 50 ኩንታል የሚል አይሱዙ ላይ 70 የሚጭን ሰው «ይችለዋል» ሲል ሞተሩን ማለቱ ነው፤ ሞተሩ እውነትም ይችላል። ቁጥሩ የወጣው ግን ከሞተሩ ብቻ ሳይሆን ከፍሬኑ፣ ከጎማው፣ ከባሌስትራው፣ ከሻንሲውና ከመሪው አንድ ላይ ተሰልቶ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከደከመ የሌሎቹ ጥንካሬ አያድንም።

ኩንታልም ሁልጊዜ ኩንታል አይደለም። ጆንያው ጠገብ ተደርጎ ተሞልቶ ከመቶ ኪሎ ማለፉ በገበያችን አዲስ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ጆንያ አሥር ኪሎ ብቻ ቢያልፍ በ60 ጆንያ ላይ 600 ኪሎ ይሆናል፤ በወረቀት ያልተመዘገበ ስድስት ኩንታል ማለት ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተጫነ በቆሎ ደግሞ ውሃውንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሸራው ቀዳዳ ከሆነና መንገድ ላይ ዝናብ ካገኘው ሌላ ይጨምራል። ሚዛን ያለው ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ጆንያ ከየቦታው እያነሱ መመዘን ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን የሚሸጠው ወገን እንዳያጭበረብር እንጂ የመኪናው ጤና ታስቦ አይደለም።

ክብደት ለመንገዱ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የታወቀው በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተደረገ ትልቅ ሙከራ ነው። ለዚሁ ተብለው በተሠሩ ቀለበት መንገዶች ላይ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪናዎች ለሁለት ዓመት ያህል ያለማቋረጥ ተመላለሱ። ከዚያ የወጣው ግርድፍ ሕግ እንዲህ ነው፦ በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት ሲጨምር ጉዳቱ በአራተኛ ርቢ ያድጋል። አሥር ቶን ያረፈበት አክስል ላይ ሁለት ቶን ቢጨመር ክብደቱ የጨመረው በአንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከእጥፍ ይበልጣል። ሦስት ቶን ቢጨመር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሞጆና አዋሽ ላይ የሚዛን ጣቢያ የቆመው፣ ሚዛኑም መኪናውን በጥቅሉ ሳይሆን አክስል በአክስል የሚመዝነው ለዚህ ነው። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው መንገዶች አስተዳደር ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራና ሲጠግን የኖረው እንዲህ ያለውን ክብደት እያሳደደ ነው ማለት ይቻላል።

ጎማን ብዙ ሰው በእግሩ እየመታ ያልፋል። ጎበዝ ረዳት ግን ኪያቬውን ይዞ ይዞራል፤ ጎማውን መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል። በደንብ የተነፋው ይነጥራል፤ የጎደለው «ድም» ብሎ ይቀራል። በተለይ ከኋላ ጥንድ ሆነው ከተገጠሙት ውስጥ የውስጠኛው ተደብቆ ስለሚቀመጥ ቢተነፍስም ከውጭ አይታይም። ያን ጊዜ የሁለት ጎማ ሸክም በውጨኛው ላይ ይወድቃል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ከደጋው ወርዶ የአንገር ቆላ ሙቀት ሲጨመርበት ይፈነዳል። ከመነሳት በፊት መፈተሽ ያለበት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። መንገድ ላይ ግሎ ሲነካ «በዛበት» ብሎ ንፋስ መቀነስ ጎማውን ይበልጥ የሚያግል፣ ግን በጣም የተለመደ ድርጊት ነው።

አሁን ወደ ደርዳሪው እንሂድ። በጭነት ሥራ ውስጥ ከሹፌሩ ቀጥሎ፣ እንዲያውም አንዳንዴ ከሹፌሩ በላይ፣ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያርፈው በዚህ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን የለም።

ደርዳሪው መጀመሪያ ከጋቢናው ጀርባ ይነሳል። ጆንያው ከፊተኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። መሐል ላይ ክፍተት ከተተወ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደፊት ይንሸራተትና ፍጥነት ሰብስቦ ግድግዳውን ይመታል። ተጣብቆ የተቀመጠ ግን ይገፋል እንጂ አይመታም። የመጀመሪያው ረድፍ በቁመት ከሆነ በላዩ ያለው በአግድም፣ ከዚያ እንደገና በቁመት፤ ግንበኛ ጡብን እንደሚያጠላልፍ። ሁሉም ጆንያ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ ከወጣ በየመሐሉ ያለው ስንጥቅ ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር ይሆናል፤ ኩርባ ላይም ጭነቱ በዚያ መስመር ይከፈላል። የሚሠሩበት ጆንያ ዓይነትም ልብ ይባል። ቡና የሚጫንበት የቃጫ ጆንያ ሻካራ ስለሆነ ይያያዛል። የፕላስቲኩ ማዳበሪያ ከረጢት ያንሸራትታል። ዩሪያ ወይም ሌላ ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ተጭኖ ወደ ጊዳ አያና ሲወርድ የሚሳበውና የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። አቧራና ጤዛ ሲጨመርበት ይብሳል።

ከፊት ወደ ኋላ ያለው ሚዛን ሌላው ነገር ነው። «አምስት ብቻ» ብሎ የተጨመረው ኩንታል ቦታ ስለማይኖረው የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ፣ ከኋላ አክስል ወዲያ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አራት ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። ከኋላ አክስሉ አንድ ሜትር አልፎ አሥር ኩንታል ብናስቀምጥ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው አሥር ሳይሆን አሥራ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው፤ ትርፉ ሁለት ኩንታል ተኩል ከፊት አክስል ላይ የተነሳ ነው። ፊቱ ሲቀል መሪው ይቀላል። ሹፌሮች ያውቁታል፤ በአስፋልት ላይ ይመቻል እንኳ ይላሉ። ጭቃ ላይ ወይም ዝናብ ባራሰው ኩርባ ላይ ግን መሪው ዞሮ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ከፍታው ላይ ሳንቆይ አናልፍም። አይሱዙ በሰፊው «አልቃኢዳ»፣ ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» የተባሉት በፍጥነታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ከስፖንዳው በላይ ሌላ ስፖንዳ የሚያህል ጭነት ተሸክመው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ሒሳቡን በግርድፉ እንሥራው። የኋላ ጎማዎቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ከ70 የሚራራቁ፣ የክብደቱ መሐል ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያለ መኪና፣ ማዞሪያው 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሊገለበጥ ነው። ጭነቱ ተቆልሎ የክብደቱ መሐል ሁለት ሜትር ላይ ከወጣ ያው መኪና በዚያው ኩርባ በ52 ይገለበጣል። ይህ ባሌስትራው የማይተጣጠፍ፣ ጭነቱም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ነው። እውነተኛው መኪና ግን ይጋደላል፣ ጭነቱም አብሮ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የሚገለበጠው ከዚህም ባነሰ ፍጥነት ነው። ሹፌሩ ትናንት በ50 አልፎት ይሆናል ኩርባውን። ዛሬ በዚያው በ50 ሲገባ መኪናው ሌላ መኪና ሆኖ ይጠብቀዋል። ሰሊጥ ከበቆሎ ቀለል ስለሚል ኩንታሉ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ እኩል ኩንታል ቢጫን እንኳ የሰሊጡ ቁልል ከፍ ይላል። የተደባለቀ ጭነት ሲሆን ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ። ይህን የማያውቅ ወዛደር የለም፤ ከመጋዘኑ መጀመሪያ የወጣው መጀመሪያ ስለሚጫን ብቻ ነው የሚረሳው።

ስለ ማሰር። ገመዱ ጭነቱ እንዳይወድቅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ ደንብ ጭነቱ ወደፊት በክብደቱ ስምንት አሥረኛ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በክብደቱ ግማሽ በሚሆን ኃይል ቢገፋ እንዲችል ያዛል። ለ50 ኩንታል ጭነት ይህ ማለት ድንገት ፍሬን ሲያዝ አርባ ኩንታል ያህል ግፊት ወደ ጋቢናው ይመጣል ማለት ነው። የጆንያውና የወለሉ መፋተግ ከዚህ አሥራ አምስቱን ያስቀርልናል ብንል፣ ሃያ አምስቱን የሚመክተው የፊተኛው ግድግዳና ገመዱ ናቸው። አሁን ያንን ገመድ ልብ ብለን እንመልከተው። ብዙ ጊዜ ፀሐይ የበላው፣ ሁለት ሦስት ቦታ የተቋጠረ ናይለን ነው። ቋጠሮ ያለበት ገመድ ጉልበቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ብረት ጠርዝ ላይ የሚፋተገው ደግሞ በመንገድ ላይ ይበጠሳል። ጠርዙ ላይ ቁራጭ ጎማ ወይም ጆንያ ማኖር ምንም ወጪ የለውም። ረዳቱ ገመዱን ሲስብ እግሩን ስፖንዳው ላይ አስደግፎ፣ ሰውነቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ነው፤ ሲጨርስ በጣቱ መታ ሲያደርገው ገመዱ መንቀጥቀጥ አለበት። ሸራው ከገመዱ በታች ይሁን፤ ከላይ ሆኖ የሚርገበገብ ሸራ ንፋስ ይዞ የኋላ ማያውን ይጋርዳል፣ ተቀድዶም ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳውራል።

ወደ ተሳቢው እንለፍ፤ በዚህ ምዕራፍ ከባዱ ጉዳይ እሱ ነው። ተሳቢ መኪናን አስረዝሞ የጫነ ይመስላል። የራሱ ሐሳብ ያለው ሁለተኛ መኪና ነው ብንል ግን ወደ እውነቱ እንቀርባለን። የሚጎተተው በብረት ዘንግና በአንድ ፒን ነው፤ ፍሬን የሚያገኘው ከፊተኛው መኪና በቱቦ በሚሄድ ንፋስ ነው። ንፋሱ ደግሞ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፊተኛው መኪና መያዝ ይጀምራል፣ ተሳቢው ገና ነው፤ በዚያች ቅጽበት ተሳቢው ፊተኛውን ይገፋል። ፊተኛው ከባድ ከሆነ ግፊቱን ይችለዋል። ቀላል ከሆነ ግን ከኋላው ይገፈተርና ሁለቱ መሐላቸው ላይ ታጥፈው መንገዱን ይዘጉታል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ፊተኛው ከተሳቢው መብለጥ አለበት። ሲጫን መኪናው ይቅደም፤ ሲራገፍ ተሳቢው ይቅደም።

ይህን ደንብ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ንግዱ ነው። ከጊዳ አያና የተነሳ መኪና ነቀምቴ ላይ የሚያወርደው አለው፤ የቀረው አዲስ አበባ ነው። ነቀምቴ የሚወርደው የተጫነው ፊተኛው መኪና ላይ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ መኪና ሙሉ ተሳቢ እየጎተተ ይሄዳል። እስከ ባኮ ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። ጌዶን አልፎ ወደ ጉደር ቁልቁል ሲል ግን ተሳቢው ጌታ፣ መኪናው አሽከር ይሆናል። መፍትሔው ጊዳ አያና ላይ ነበር፤ ነቀምቴ የሚወርደውን ተሳቢው ላይ መጫን። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር፤ «የመጀመሪያው ማራገፊያ የት ነው?»

ሌላም ጠባይ አለው ተሳቢ። ሹፌሩ ከብት ወይም ባጃጅ ለማዳን መሪውን ድንገት ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ፣ ጋቢና ውስጥ ትንሽ የምትመስለው እንቅስቃሴ ተሳቢው ላይ ስትደርስ ትበዛለች፤ እጥፍ ልትሆንም ትችላለች። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ደህና ተቀምጦ ሳለ የተሳቢው ጎማ ከመሬት ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው በመስታወት ካየ ብቻ ነው። ተሳቢዎች ወደ ከፊል ተሳቢ ይለወጡ የሚለው ክርክር በአገራችን ትራንስፖርት ውስጥ ተደጋግሞ የተነሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊል ተሳቢ ከፊሉን ክብደቱን በጎታቹ ላይ ስለሚያሳርፍ ጎታቹ መሬት ይዞ ይሄዳል።

በሁለት ጎማ ብቻ የሚቆሙት ጋሪዎች ደግሞ ሌላ ደንብ አላቸው። አንገር ጉትን ከተማ አካባቢ ትራክተር የሚጎትተው ጋሪ እህልም ሰውም ይጭናል። እዚህ ዋናው ነገር ጭነቱ ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት ማረፉ ነው። ከኋላ ከበዛ መጎተቻውን ወደ ላይ ያነሳል፤ የፈረስ ጋሪ የነዳ ሰው ፈረሱ ከመሬት ሊነሳ ሲል አይቶት ያውቃል። በፍጥነት ሲሄድ ደግሞ ጋሪው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ቤት የሚያህል ተሳቢ ከቤት መኪና ጀርባ አስረው ለዕረፍት ሲሄዱ የሚፈሩት ይህንኑ ውዝዋዜ ነው። እንግሊዞች ከተሳቢው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶው፣ አሜሪካኖች ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ይመክራሉ። ውዝዋዜው ከጀመረ ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። በመሪ ልመልሰው ያለ ሰው ያባብሰዋል፤ በፍጥነት አልፈዋለሁ ያለም እንዲሁ።

ተሳቢው ከተያያዘ በኋላ ፒኑ መቆለፉን በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም። የተሳቢውን ፍሬን ይዞ መኪናውን በቀስታ ወደፊት መሳብ፣ ከዚያ ወርዶ እንደገና ማየት ነው። የንፋስ ቱቦዎቹ ኩርባ ላይ የማይወጠሩ፣ መሬትም የማይጎትቱ ይሁኑ። ፍሬቻና የፍሬን መብራት ተሳቢው ላይም ይሠሩ እንደሆነ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ይመልከት። ታኮው ደግሞ እንጨት ይሁን። ድንጋይ ታኮ አድርጎ፣ ሲነሳ መሐል መንገድ ላይ ትቶት የሚሄድ ሰው ማታ ለሚመጣው ሞተረኛ ወጥመድ አጥምዶ ነው የሄደው።

ቁልቁለቱ ላይ ደረስን። ከነቀምቴ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ አንገር የሚወርድ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 25 ቶን የሆነ መኪና እናስብ። ሸለቆው ድረስ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ክብደት ያንን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ400 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ሊያሞቅ የሚችል ነው። ያ ሙቀት አንድ ቦታ መግባት አለበት። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይቀበለዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ከማርሽ አውጥቶ ፎሌ ካደረገ ግን ሁሉም ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ጭሱ፣ ከዚያ ፔዳሉ ተረግጦም መኪናው አይቆምም። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፍሬኑ አልተበላሸም፤ ከአቅሙ በላይ ሙቀት ተጭኖበት ነው። ጠቅላላ ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ከጨመረ ሙቀቱም በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ቁልቁለት የሚወረድበት ማርሽ የሚመረጠው አናቱ ላይ፣ ገና ሳይጀመር ነው። መሐል ላይ ሲፈጥን ማርሽ ለመቀነስ የሞከረ ሰው ማርሹ እምቢ ብሎት ፎሌ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከጭነት ላይ ስለሚቀመጡ ሰዎች ማውራት ያሳዝናል። ገበያ ውለው ወደ ቀበሌያቸው የሚመለሱ ገበሬዎች፣ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ሌላ መኪና አጥተው ጆንያው ላይ ይወጣሉ። ሹፌሩም «ትቻቸው እንዴት ልሂድ» ይላል፤ ትንሽ ገንዘብም አለው። የሰው ክብደት ለመኪናው ምንም አይደለም። ነገር ግን የተቀመጡት ከቁልሉ አናት ላይ ነው፤ መኪናው ሲጋደል መጀመሪያ የሚወረወሩት እነሱ ናቸው፤ ኩንታሉ ደግሞ ይከተላቸዋል። ጋቢናው ውስጥ ያለው ሹፌር ተርፎ ከላይ የነበሩት የሚያልቁበት ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር እወዳለሁ።

ከተነሱ በኋላ የመጀመሪያው ማቆሚያ ቅርብ መሆን አለበት፤ አንገር ጉትን ወይም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ። እህል በመንቀጥቀጥ ይጠቀጠቃል፤ ጆንያው ይወርዳል፣ ጠዋት የተወጠረው ገመድ ይላላል። ረዳቱ ገመዱን እንደገና ይሳብ፤ ሹፌሩ እጁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ እዚያ ጎማ ጋ የያዘ ፍሬን ወይም የተበላ ኩሽኔታ አለ። ከዚያ በኋላ ነቀምቴ፣ ከዚያ ባኮ፣ ከዚያ ጌዶ ላይ ከቁልቁለቱ በፊት። ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ሁሉ መፈተሻም ነው፤ ለሻይ ከወረዱ በመኪናው ዙሪያ አንዴ መዞር ምንም አይጨምርም።

ሲደረስም ሥራው አላለቀም። ጭነቱ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ከነበረ ስፖንዳው እሱን ደግፎ ነው የመጣው፤ መቆለፊያው ሲከፈት ጆንያው በከፈተው ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሸራው ተነስቶ ከላይ ይታይ። ስፖንዳው ወደ ውጭ ካበጠ ያ ጎን መጀመሪያ አይከፈትም፤ ከላይ ጥቂት ጆንያ ተነስቶ ሸክሙ ይቀለዋል። የሚከፍተው ሰው ከስፖንዳው ፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከጋቢናው በኩል ይቁም። መሬቱ ዘንበል ካለ ታኮው ከመኪናውም ከተሳቢውም ጎማ ሥር ይግባ፤ መጀመሪያ ተሳቢው ይራገፍ።